ያልተረጎምኳት ቃል

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ፖለቲካ አይደለም። ስለ ቅማል ነው። ቃሏን ገና ከመነሻው ማስቀመጤ ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንድ ጊዜ እርሷን ለመጥራት በማፈሬ የሰው ልጅ ሊሞትብኝ ነበርና። (አገር ቤት ያለውን አቆጣጠር ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቱ ሁሉ የፈረንጆቹ ነው።)

ነገሩ የሆነው በ2015 በነሐሴ ወር ነው። የምኖረው ያን ጊዜም እንደዛሬው ፍራንክፈርት፣ ፕሮይንገስሃይም፣ ኡ 5 የሚባለው ባቡር መጨረሻ ጣቢያ አካባቢ ነው። የፍራንክፈርት ሰው ሰፈሩን የሚያውቀው በእስር ቤቱ ነው። ከአዲስ አበባ ወህኒ ፈርቼ የወጣሁ ጋዜጠኛ፣ እዚህ ደርሼ የኪራይ ቤት የተገኘልኝ ወህኒ ቤት ካለበት ሰፈር መሆኑ ጓደኞቼን እስከ ዛሬ ያስቃቸዋል። ማይንስ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ዲግሪዬን ብይዝም በጋዜጠኝነት እንጀራ አልተገኘበትም፤ ቀን መጋዘን እየሠራሁ፣ ማታና ቅዳሜ ደግሞ ለወገኖቻችን አስተርጓሚ ሆኜ ኖሬአለሁ። ፍርድ ቤት፣ ስደተኞች ቢሮ፣ ሐኪም ቤት ያልተቀመጥኩበት ወንበር የለም። ቃል በቃል እተረጉማለሁ ብዬም እኮራ ነበር።

አንድ ቀን ማታ ከጎንደር ወዲያ ካለች አንዲት ትንሽ ከተማ ስልክ ተደወለልኝ። የቀድሞ ጓደኛዬ ዘመድ የሆኑ እናት ናቸው። «ወንድሜ፣ ልጄ ባየርን በሚሉት አገር ሐኪም ቤት ገብቷል አሉኝ። ቋንቋ የለው፣ ሰው የለው። በእመቤታችን ይዤሃለሁ!» አሉኝ። በማግስቱ በመጀመሪያው ባቡር ሄድኩ።

ልጁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አንገቱ ላይ ማተቡን እንዳሰረ አልጋው ላይ ይነዳል። በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በጣልያን በኩል መግባቱን ነገረኝ። መንገዱ ሰባት ወር ፈጅቶበታል። መጠለያው ውስጥ ሳለ አራት ቀን ያህል አተኮሰው፣ ማስታገሻ ሰጡት፣ ዳነ። ከሳምንት በኋላ ትኩሳቱ ተመልሶ ጣለው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ብዙ ነገር ጠየቀችው፣ ሁሉንም ተረጎምኩ። ከዚያ «በመንገድ ላይ ቅማል ነበረበት ወይ?» አለች።

ልጁን አየሁት። የሰው ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው፣ «ጋሼ» እያለ ነው የሚያነጋግረኝ። ፈረንጅ ፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዴት ተደርጎ ይጠየቃል? እኛ አገር ቅማላም ማለት ስድብ ነው። «በመንገድ ላይ ንጽሕናችሁን ለመጠበቅ ትቸገሩ ነበር እንዴ?» አልኩት። «አይ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነበርን» አለኝ። ወደ ሐኪሟ ዞሬ «ናይን» አልኩ። አንዲት ቃል ናት፣ ነገር ግን ውሸት ነበረች፤ ውሸቱም የልጁ ሳይሆን የእኔ ነው።

በዚያች ሌሊት ልጁ ባሰበት፣ መቃዠት ጀመረ። ለወባ ብለው በድጋሚ ደም ወሰዱ። የላቦራቶሪ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ ሲያይ ወባ አላገኘም፤ በቀይ የደም ሕዋሳቱ መካከል እንደ ሽቦ የተጠማዘዙ ቀጫጭን ነገሮች ሲላወሱ አገኘ። ሐኪሟ መጥታ የበሽታውን ስም በጀርመንኛ ነገረችኝ፤ «ሎይዘሩክፋልፊበር»። ሎይዘ ቅማል ነው፣ ሩክፋል ማገርሸት ነው፣ ፊበር ትኩሳት ነው። «ትናንት ጠይቄህ ነበር እኮ» አለችኝ። ጥያቄዋን ለውጬ ማቅረቤን ያን ጊዜ ነገርኳት። አልተቆጣችም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለእናትየው ደወልኩ። «ተሽሎት ነበር? ከዚያ ተመለሰበት?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ ስላቸው፣ «ግርሻ ነዋ! አባቱን በ83 ከጦሩ ሲመለስ ይዞት የመጣው ነው። ልብሱን አፍልታችሁ ቀቅሉ በላቸው!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን በየካምፑ በታጎሩት ወታደሮች መካከል ግርሻ ተነሥቶ ነበር። ከአራተኛ ክፍል ያላለፉ እናት በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት የደረሱበትን፣ ዲግሪ የያዝኩት እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አዳፈንኩት።

መድኃኒቱ ብርቅ አይደለም፤ ቴትራሳይክሊን ወይም ፔኒሲሊን ይበቃል። ክፋቱ መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚመጣው ነው። ተህዋሶቹ በአንድ ጊዜ ሲሞቱ ሰውነት ይናወጣል፣ ብርድ ብርድ ይላል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፤ በዚያው የሚቀርም አለ። ትከሻውን ይዤ አደርኩ። ሲነጋ ላብ በላብ ሆኖ «ጋሼ፣ ሻይ ይገኛል?» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ሐኪሟ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ከልጁ ደም የተረፈው ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ተልኮ የተህዋሱ ዘረ መል እንዲነበብ ፈቃዱን ጠየቀችው። አሁን እያንዳንዷን ቃል ተረጎምኩ። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ፣ «የሚያነቡት የቅማሉን በሽታ ነው ወይስ እኔን? የኔን ዘር አይተው ከወዴት እንደሆንኩ ሊፈርዱብኝ ነው?» አለ።

አንባቢ ሆይ፣ ጥያቄው የመሃይም ጥያቄ እንዳይመስልህ። በ2009 የእንግሊዝ የድንበር መሥሪያ ቤት ከምሥራቅ አፍሪካ መጥተው ሶማሌ ነን የሚሉ ጥገኝነት ጠያቂዎችን በዘረ መልና በፀጉርና በጥፍር ምርመራ አገራቸውን ለመለየት የሙከራ ሥራ ጀምሮ ነበር። የሙያው ሰዎች ራሳቸው «በዘረ መል ውስጥ የድንበር ምልክት የለም» ብለው ጮኹበት፤ በ2011 ተተወ። ስለዚህ ስደተኛ «ደምህን እናንብብ» ሲባል ቢፈራ አይፈረድበትም። ሐኪሟ የሚነበበው ተህዋሱ ብቻ መሆኑን፣ በብልቃጡ ላይም ስም ሳይሆን ቁጥር እንደሚጻፍ አስረዳች። ልጁም «እንግዲያው ያንብቡት፤ ለሌላው ይጠቅም ይሆናል» ብሎ ፈረመ።

ይህ ማንበብ የሚሉት ነገር ምንድን ነው? እኛ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ፊደል ቆጥረን እንማራለን፤ የፍጥረት ሁሉ መጽሐፍ ግን የተጻፈው በአራት ፊደላት ነው። የሰው ልጅ መጽሐፍ ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። የግርሻ ተህዋስ፣ ቦሬሊያ ረከረንቲስ የሚሏት፣ ያላት ግን 1.2 ሚሊዮን ገደማ ነው። ፊደላቱን በተራ አንብቦ ከሌላው ጋር ማስተያየት ነው ሥራው። አብነት ትምህርት ቤት የዋለ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ብራና ገልባጭ አንድ መስመር ቢዘል፣ ከእርሱ የገለበጠው ሁሉ ያችኑ መስመር ይዘልላል። ሁለት ብራናዎች አንድ ዓይነት ስሕተት ካላቸው ከአንድ እናት መጽሐፍ መጥተዋል ማለት ነው። ተህዋስም ሲራባ ራሱን ይገለብጣል፣ ሲገለብጥም ይሳሳታል፤ ሊቃውንቱ ስሕተቱን ተከትለው ዘመዱንና መንገዱን ያገኛሉ።

ይህች ተህዋስ በላቦራቶሪ እንድትራባ ለማድረግ የተቻለው በ1994 ሲሆን፣ ናሙናው የተገኘው ከእኛው ሕሙማን ነው። በሥራው ከእንግሊዛውያኑ ጎን ዶክተር ዳንኤል ፈቃደን የመሰሉ የአገራችን ሐኪሞች ነበሩበት። በ2008 ሙሉ መጽሐፏ ሲነበብ ጉድ ተገኘ። ተህዋሷ በምሥራቅ አፍሪካ መዥገር የሚያስተላልፈው የሌላ ተህዋስ የተቀደደ ቅጂ ናት፤ ከእርሱ መጽሐፍ አምስተኛ ያህሉ ጎድሎባታል። ቅማል ላይ ከሰፈረች ወዲህ የማትፈልገውን ገጽ እየጣለች ኖራለች። ያልጣለችው ልብሷን የምትቀያይርበትን ገጽ ነው። የሰውነታችን ዘብ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሌባ ብሎ ሲያሳድድ፣ እርሷ ጋቢውን ጥላ ቡሉኮ ደርባ ትመጣለች። ግርሻ የሚያገረሸውም ስለዚህ ነው።

በ2015 ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ በባየርን ብቻ ከሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ በመጡ 15 ስደተኞች ላይ ግርሻ መገኘቱን የጤና ባለሥልጣኖቹ ጽፈዋል። በኋላ ከስደተኞች የተገኙት ተህዋሶች ሲነበቡ፣ እርስ በርሳቸውም ሆነ ከቀድሞዎቹ የኢትዮጵያ ናሙናዎች ጋር እጅግ ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ። ይህን የሰማ ሰው «በሽታውን ይዘውብን መጡ» ማለቱ አይቀርም፣ ያን ሰሞንም ተብሏል። ነገር ግን ቀላል ሒሳብ አለ። ግርሻ ከተያዙ በኋላ የሚታየው ብዙውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ነው፤ ቢዘገይም በሳምንታት እንጂ በወራት አይቆጠርም። ልጁ ከእናቱ ቤት ከወጣ ሰባት ወር ሆኖታል። ስለዚህ በሽታው የያዘው እናቱ ቤት ሳይሆን ሰው እንደ ከረጢት ተደራርቦ ከሚተኛበት ከመንገዱ ላይ ነው። ጣልያን ቱሪን ከተማ ውስጥ የሚኖሩ፣ ከዚያ ያልወጡ ሶማሌዎች እንኳ በዚያው ዓመት ተይዘዋል።

የበለጠው ደግሞ በቅርቡ መጣ። በኖርዌይ ኦስሎ ከተቀበረ የ15ኛው መቶ ዘመን ሰው አጥንት የዚችው ተህዋስ ዘረ መል ተነበበ። በ2025 ደግሞ የለንደን ሊቃውንት ከእንግሊዝ አገር መቃብሮች ካወጡት አጥንትና ጥርስ አራት አንብበው፣ አንጋፋው የ2,300 ዓመት ዕድሜ እንዳለው አስታወቁ። ከመዥገሯ ዘመዷ የተለየችውም ከአራት እስከ ስድስት ሺህ ዓመት በፊት፣ ሰው በግ አርብቶ የሱፍ ልብስ መልበስ በጀመረበት ዘመን አካባቢ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ተህዋሷን ለመጀመሪያ ጊዜ በማይክሮስኮፕ ያያትም ኦቶ ኦበርማየር ነው፤ በ1868፣ በርሊን ውስጥ፣ በጀርመኖች ደም ላይ! እንግዲህ ግርሻ የእኛ ዘር በሽታ አይደለም። ሳሙና፣ የፈላ ውኃና ቅያሪ ልብስ አውሮፓ ሲገቡ ከአውሮፓ ወጣች፤ ሦስቱ ባልተሟሉበት ቀረች። ድህነት ደግሞ በዘረ መል አይተላለፍም።

ከባየርን ስመለስ በኡ 5 ወደ ፕሮይንገስሃይም ስወጣ ባቡሩ በትልቁ መካነ መቃብር አጠገብ አለፈ። ከጎኑ ባለው የአይሁድ መቃብር ፓውል ኤርሊሽ ተቀብሯል። የድሮዎቹ ስደተኞች ታውቁታላችሁ፤ በ200 ማርኩ ብር ላይ የነበረው ባለ መነጽር ጺማም ሽማግሌ ነው። በዚሁ በፍራንክፈርት ከጃፓናዊው ሐታ ጋር 606 የተባለውን መድኃኒት ሲያገኙ፣ በ1910 ባሳተሙት መጽሐፍ ርዕስ ላይ ከቂጥኝ ጎን የግርሻ ስም ተጽፏል። ኤርሊሽ የሞተው በነሐሴ 1915 ነው። ልክ መቶ ዓመት! መድኃኒቱ መቶ ዓመት ሙሉ ነበረ፣ የአገራችን ልጅ ግን ዛሬም በግርሻ ይሞታል፤ ያን ሰሞን የሚያድነው መድኃኒት ክፍሉ ድረስ መጥቶ ሳለ በሩን የዘጋው የእኔ ይሉኝታ ነበር።

አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። የሌላውን በሽታ የደበቀ አስተርጓሚስ ምን ይባላል? ከዚያ ወዲህ ሐኪም ፊት ስቀመጥ ለታማሚው አስቀድሜ፣ «የምትሰማው ቃል ቢከብድህም የእኔ አይደለም፤ የተባለውን እንዳለ እነግርሃለሁ፣ አንተም እንዳለ ንገረኝ» እላለሁ። እናንተም ልጆቻችሁን ለእናቶቻችሁ ስታስተረጉሙ ይህንን አደራ በሏቸው። ሐኪም «ቅማል ነበረ ወይ?» ካለ «ቅማል ነበረ ወይ?» በሉ። ከመንገድ የመጣ ወገን ካገኛችሁም ልብሱን በሙቅ ውኃ እጠቡለት፤ ቅማሉን በጥፍራችሁ አትጨፍልቁ፤ በሽታው በዋናነት የሚገባው የተጨፈለቀ ቅማል በተጫረ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ነውና።

ልጁ ዛሬ በባየርን የአረጋውያን ቤት ተንከባካቢ ሆኖ ይሠራል። ይህን እንድጽፍ ፈቃዱን ስጠይቀው፣ «ስሜን ተወው እንጂ ጻፈው፣ ጋሼ» አለኝ። ከዚያ ሳቅ ብሎ አንድ ነገር ጨመረ፦ «ያን ቀን በግልጽ ብትጠይቀኝ ኖሮ እኮ እነግርህ ነበር። ሊቢያ መጋዘን ውስጥ ቅማል ያልነበረበት ሰው ማን ነበር?»

ቸር ወሬ ያሰማን።