ስለ አርክ ኤ ስናን የጨው ሹም ቤት

በፈረንሳይ አገር በምሥራቅ በኩል፥ ከበዛንሶን ከተማ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ አርክ ኤ ስናን የምትባል ትንሽ መንደር አለች። መንገደኛ ከባቡር ወርዶ ጥቂት እንደ ተራመደ ስምንት ወፋፍራም ዓምዶች የቆሙለት፥ የቤተ መንግሥት በር የሚመስል ትልቅ በር ያገኛል። እኛም ባየነው ጊዜ መስፍን የሚኖርበት ግቢ መሰለን። ነገር ግን ያ ሁሉ ድንጋይ የተጠረበው ለጨው ነው፤ ከበሩ ትይዩ በግቢው መካከል የቆመውም ታላቅ ቤት የጨው ሹሙ ቤት ነው። የዚህን ቤት ታሪክ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እንጽፋለን፤ ዓመቶቹም በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ከዚያ ራቅ ብሎ በሚገኘው በሳላን ከተማ ጨው ያለበት ውሃ ከምድር በታች ይወጣል። ይህን ውሃ በትልልቅ የብረት ምጣድ ላይ ሌሊትና ቀን እያፈሉ ጨዉን ያወጡ ነበር። ነገር ግን እሳቱ ብዙ እንጨት ስለሚፈጅ የአካባቢው ደን እየተመናመነ ሄደ። ስለዚህ የንጉሡ ሰዎች ውሃውን ሾ ወደሚባለው ሰፊ ጫካ አጠገብ ሊወስዱት አሰቡ። የጥድ ግንድ ቦርቡረው፥ አንዱን ከአንዱ ቀጥለው በምድር ውስጥ ቀበሩት፤ በመንገዱም ላይ ሌባ እንዳይቀዳው ዘበኛ አቆሙ። ይሁን እንጂ ከሌባው ይልቅ የግንዱ መጋጠሚያ ብዙ ውሃ አፈሰሰባቸው።

15ኛው ሉዊ በ1773 ሥራውን ፈቀደ። መሐንዲሱ ክሎድ ኒኮላ ለዱ የሚባል ነው፤ አስቀድሞ አራት ማዕዘን አድርጎ ያቀረበው ንድፍ ስላልተወደደለት ሁለተኛውን እንደ ግማሽ ጨረቃ አድርጎ ሣለው። ከ1775 እስከ 1779 ተሠራ። የሠራተኞቹ ቤቶች በክቡ ዙሪያ ተደርድረዋል፤ በቀጥተኛው መሥመር ላይ ደግሞ የሹሙ ቤት መካከል ላይ ሆኖ በግራና በቀኝ ጨው ማፍያዎቹ ይገኛሉ። ከሹሙ ቤት የቆመ ሰው ግቢውን በሙሉ ያያል፤ በግቢውም ያለ ሁሉ ቤቱን ሳያይ ሊውል አይችልም። ዓምዶቹ አንዱ ድንጋይ ክብ፥ አንዱ አራት ማዕዘን ሆኖ እየተፈራረቀ የተካበ ስለሆነ ከሩቅ ሲያዩት የሚያስፈራ ግርማ አለው።

ካየነው ሁሉ ያስደነቀን በውስጡ የነበረው ጸሎት ቤት ነው። መሠዊያው የቆመው በቤቱ ትልቅ ደረጃ ላይ ነበረ፤ ብርሃን ከላይ ይወርድለታል፥ ሠራተኞቹም በደረጃው ላይ ቆመው ቅዳሴ ይሰማሉ። ማለዳ የጸለዩበት ቤት ከጸሎት በኋላ ያዘዛቸው ቤት መሆኑ ነው። በመሥመሩም በሁለቱ ጫፍ የጸሓፊዎችና የተቈጣጣሪዎች ቤት አለ። እኛም በጽሕፈት ሥራ የምንኖር ስለሆንን ዓይናችን ደጋግሞ ወደዚያ ተመለሰ፤ ሚዛኑና መዝገቡ ባይኖር ዓምዱ ብቻውን ምን ይረባ ነበር?

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የመጣው ጋቤል ከሚባለው የጨው ግብር ነው። ግብሩን ለንጉሡ የሚሰበስቡት ገንዘብ አስቀድመው ከፍለው መብቱን የተኰናተሩ ባለጸጎች ነበሩ። የጨው ዋጋ ከአውራጃ አውራጃ እጅግ ይለያይ ስለነበር ድሀው በሌሊት ጨው እያሻገረ ይሸጣል፤ ሲያዝም መርከብ ቀዛፊ እስረኛ እስከ መሆን ይቀጣ ነበር። ስለዚህ በአርክ ኤ ስናን ግቢ በር ላይ ዘበኛ ብቻ ሳይሆን እስር ቤትም ተሠራ። ጋቤል በ1790 ቀረ፤ በ1794 ከግብር ተኰናታሪዎቹ 28ቱ፥ ሊቁ ላቮአዝዬም ጭምር፥ በአንድ ቀን አንገታቸው ተቀላ። ለዱም በ1793 ታስሮ ነበር፤ ነገር ግን ከሞት ተርፎ በ1806 ዐረፈ።

ጨው ማፍያው በዓመት 60,000 ኩንታል እንዲያወጣ ታስቦ ነበር፤ ከዚያ ግን አልደረሰም። በኋላም የባሕር ጨው በባቡር በርካሽ ስለመጣ፥ የመንደሩም የጕድጓድ ውሃ ስለተበላሸ በ1895 ተዘጋ። በ1918 የሹሙን ቤት መብረቅ አቃጠለው። መንግሥት ቦታውን ከታሪካዊ ቅርሶች ጋራ ሊጽፈው ሲነሣ በሚያዝያ 1926 ቤቱን በድማሚት ሊያፈርሱት ሞከሩ፤ ትልልቆቹም ዛፎች ተቈረጡ። መብረቅ ያላፈረሰውን ሰው ዐውቆ ሊያፈርሰው መነሣቱ በእውነት ያሳፍራል። ዱ የሚባለው አውራጃ በ1927 ገዝቶት ከ1930 ጀምሮ አሳደሰው።

ነገር ግን አጥሩ ገና ሥራ አላጣም ነበር። በ1939 ከአገራቸው የሸሹ ስፓኛውያን ተጠለሉበት፤ ከ1941 እስከ 1943 ደግሞ፥ ፈረንሳይ በጀርመን እጅ ሳለች፥ ጂፕሲ የሚባሉት ዘላኖች ከነልጆቻቸው ታጉረውበት ኖሩ። ጨው እንዳይወጣ የተሠራው አጥር ያለ በደላቸው ለተያዙ ሕፃናት ዋለ። ግቢውን ለመጐብኘት የሚሄድ ሁሉ ከዓምዶቹ ውበት ጋራ ይህን ደግሞ እንዲጠይቅ እንመክራለን።

ዩኔስኮ በ1982 ቦታውን ከዓለም ቅርሶች ጋራ ጻፈው፤ የሳላንም ጨው ማፍያ በ2009 ተጨመረበት። ዛሬ በሹሙ ቤት ልዩ ልዩ ትርኢት ይታያል። በሳላንም ወደ ምድር ውስጥ የወረደ ሰው ጨዋማውን ውሃ ከጥልቁ የሚስበውን፥ በወንዝ ኃይል የሚዞረውን መንኰራኵር ያገኘዋል።