አምስተኛው

የሞተው በእርሻ ወሰን ጠብ በጥይት የተመታ የዘመድ ልጅ ነው። ለቅሶ ልደርስ ደባርቅ ሄጄ አጎቴ ቤት ሰነበትኩ። ከመደቡ በላይ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት ቤልጅግ ዛሬም እንደተሰቀለች ናት። ማታ ለቀስተኛው ሲበተን አጎቴ አውርደው በዘይት በራሰ ጨርቅ ይወለውሏት ጀመር። መቼም ዕድሜዬን ፉከራና ቀረርቶ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ ጠመንጃ ግጥም እንጂ ስለ ጠመንጃ እንደማላውቅ የገባኝ ያን ማታ ነው።

«ስም መተንተን ታውቃለህ፤ አሠራሯንስ?» አሉኝ።

እውነት ነው፣ ስሙን አውቃለሁ። ቤልጅግ የተሠራችበት አገር ስም ነው። የአያቴ ውጅግራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሰው የፈረንሳዮች «ፊዚ ግራ» ነው፤ «ፊዚ» ጠመንጃ፣ «ግራ» የሠሪው መኮንን ስም። ዓድዋ የዘመተው ግን ውጅግራ ተብሎ ነው።

አጎቴ የቃታውን እጀታ ወደ ላይ አነሱት፤ ወደ ኋላ ሳቡት፤ ወደ ፊት ገፉት፤ ወደ ታች አጋደሙት። «አራት ነው» አሉ። ነገሩ እንደ በር መቀርቀሪያ ነው። ሲሳብ የተተኮሰውን ቀለሃ በጥፍሩ ይዞ አውጥቶ ይጥለዋል፤ ሲገፋ ከሥር ከተደረደሩት አምስት ጥይቶች አንዱን ያጎርሳል፤ ሲጋደም ከፊት ያሉት ሁለት ጥርሶች ቤታቸው ገብተው ይቆለፋሉ። ጀርመናዊው ማውዘር እ.ኤ.አ. በ1898 ያወጣው ይኸው አሠራር ዛሬም በብዙ የአደን ጠመንጃዎች ውስጥ አለ።

የመምህር ነገር፣ ወዲያው ትርጉም ፈለግሁለት። «በሁለት ጥይት መካከል አራት እንቅስቃሴ ካለ፣ ለማሰብ ጊዜ አለ ማለት ነው። ክላሽ ግን ፋታ አይሰጥም። ልጁ የሞተው…»

አላስጨረሱኝም። «እኛ በጉብዝናችን ገደል አፋፍ ላይ ዋልያ ስናነጣጥር፣ እጃችን ቃታው ላይ ሳለ አስበን እናውቃለን? ያስተወን ፓርኩ ነው።» የስሜን ፓርክ በሕግ የተከለለው በ1962 ዓ.ም. ነው። የዓለም ቅርስ ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። ብረቱ ያላሳሰበውን ሰው ለማሳሰብ ይህን ያህል ዘመን ፈጀ።

«ጭናንስ ረሳኸው?» አሉ ቀጥለው። ጭና እዚያው ዳባት ወረዳ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለውበታል። «ደጁ ድረስ ክላሽ ይዘው የመጡበት ሰው፣ እጀታ እያነሳ እየሳበ ያስብ ነው የምትለኝ?»

መልስ አጣሁ። ባዶዋን ጠመንጃ መልሰው ሲሰቅሉ ጥይቷ የት እንዳለ ጠየቅሁ።

«አክስትህ ሣጥን ውስጥ። ቁልፉም እሷው ዘንድ ነው። ንዴቴ እሷ ዘንድ እስኪደርስ ይበርዳል። አምስተኛው ይኸ ነው።»

አክስቴ ከምድጃው ዳር ሆነው ይሰሙ ኖሯል። «በትዳራችን ሦስት ጊዜ ጠይቀውኛል» አሉ ቀና ሳይሉ፤ «አንዴ ሰጥቻለሁ።»

መቼ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።