የአጭር ፊልም ሐሳብ ሲነገር፦ አዲስ አበባና አሜሪካ

የአጭር ፊልም ሐሳብ ስክሪፕት ከመሆኑ በፊት ለሰው ይነገራል፤ አስተያየትም ይሰጥበታል። አጭር የሚባለው ርዝመት እንደየቦታው ነው። ኦስካር እስከ 40 ደቂቃ ይፈቅዳል፤ የካን ፌስቲቫል የአጭር ፊልም ውድድር ከ15 ደቂቃ በላይ አይቀበልም። በ15 ደቂቃ የሚያልቀው አንድ ጭንቅና አንድ ውሳኔ ስለሆነ፣ አስተያየት ሰጪ መጀመሪያ የሚመዝነው ሐሳቡ ለዚያ ልክ መሰፋቱን ነው።

ለምሳሌ አንድ ሐሳብ እንዲህ ቢቀርብ፦ «ቤይሩት ስምንት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ሴት፣ በላከችው ገንዘብ የተሠራው ቤት በወንድሟ ስም መሆኑን ትደርስበታለች።»

አዲስ አበባ ውስጥ ይህ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ካፌ ውስጥ፣ ለጓደኛ፣ በቃል ነው። ምላሹም ወይ «አሪፍ ነው፣ ቶሎ ሥራው» ይሆናል፤ ወይ አድማጩ ታሪኩን ተቀብሎ በራሱ መንገድ ይቀጥላል፦ እናትየው ትሙት፣ ወንድምየው ይታሰር፣ መጨረሻ ላይ ይታረቁ። የመጀመሪያው ይሉኝታ ነው። ሁለተኛው ከደግነት የሚመጣ ቢሆንም ጸሐፊው የሦስት ሰው ታሪክ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይገባል። ሐሳቡን ጽፎ ማደል እምብዛም አይደፈርም፤ «ይሰረቃል» ይባላል። ስጋቱ መሠረት አለው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው ሥራውን እንጂ ባዶ ሐሳብን አይደለም። የአሜሪካ ሕግም ከዚህ አይለይም፤ እንዲያውም ብዙ ፊልም አምራቾች ያልጠየቁትን ጽሑፍ ከማንበባቸው በፊት እንዳይከሰሱ ጸሐፊውን ያስፈርማሉ። ያም ሆኖ እዚያ ሐሳቡ በአንድ ገጽ ተጽፎ ይሰጣል።

በሆሊውድ ልማድ ለአምራች የሚቀርበውን ጽሑፍ፣ በተለይ ስክሪፕትን፣ የሚያነበው ለዚሁ የተቀጠረ አንባቢ ነው። ሐሳቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ታሪኩን በአጭሩ፣ ከዚያ ትችቱን ይጽፍና ከሦስት ፍርዶች አንዱን ያሰፍራል፦ አይሆንም፣ ይታሰብበት፣ ይሠራ። አብዛኛው «አይሆንም» ነው። ይህ ሪፖርት የሚጻፈው ለአሠሪው ነው፤ ጸሐፊው ብዙ ጊዜ አያየውም። ስለዚህ ምሕረት የለሽነቱን እንደ ማስተማሪያ የሚያደንቁ ሰዎች ነገሩን ተሳስተውታል።

ለጸሐፊው ይበልጥ የሚጠቅመው የዳንስ ባለሙያዋ ሊዝ ለርማን እ.ኤ.አ. በ1990 የነደፈችው የአስተያየት አሰጣጥ ሥርዓት ነው። በሥርዓቱ አድማጮች መጀመሪያ ምን እንደነካቸው ይናገራሉ። ቀጥሎ ጸሐፊው ይጠይቃቸዋል። ከዚያ እነሱ ፍርድ ያልተደባለቀበት ጥያቄ ያነሳሉ። አስተያየት የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ያውም ጸሐፊው ከፈቀደ። «ለምን እንደ ሞኝ ዝም ትላለች?» የሚለው ፍርድ አለበት፤ «እናትየው ታውቅ ነበር?» የሚለው የለበትም።

እዚህ ላይ የውጭ አድማጭ አንድ ጥቅም አለው። «ለምን ፍርድ ቤት አልሄደችም?» ብሎ ይጠይቃል። ሐበሻ አድማጭ ይህን አያነሳም፤ ሽማግሌውን፣ የእናትን እርግማን፣ የጎረቤትን አፍ ሳይነገረው ያውቃል። ጸሐፊው መልሱን ሊያውቀው ይገባል፤ ፊልሙ ውስጥ ማስረዳት ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ የዳያስፖራ ሐሳቦች የሚበላሹት እዚሁ ላይ ይመስላል፤ ለፈረንጅ የፌስቲቫል ዳኛ ሲባል እናትና ልጅ ሁለቱም የሚያውቁትን ልማድ እርስ በርስ ሲያስረዱ ይውላሉ።

አገር ቤት ጥብቅ እርማት አልተለመደም የሚባለውም ልክ አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ገለል ብሎ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል፤ መምህሩም ቤት አለመምታቱን፣ ሰሙና ወርቁ አለመገጣጠሙን፣ ምሥጢር ማጣቱን ይነግረዋል። ተማሪው የማይቀየመው መለኪያው አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው። ካፌው ውስጥ የጎደለው ይህ የጋራ መለኪያ ነው።

ለአጭር ፊልም መለኪያው ብዙ አይደለም፦ ታሪኩ የማን ነው፣ ምን ትፈልጋለች፣ ምን ያግዳታል፣ ተመልካቹስ በዓይኑ ምን ያያል? የቤይሩቷ ሐሳብ በዚህ ሲመዘን ባለታሪኳ ግልጽ ናት፤ እንቅፋቱም አለ። «ትደርስበታለች» ብሎ ስለሚያቆም ግን ካወቀች በኋላ የምታደርገው፣ ካሜራ ሊቀርጸው የሚችለው ነገር የለም። አስተያየት ሰጪው ክፍተቱን ጠቁሞ ያበቃል፤ ሴትየዋ የቤቱን ቁልፍ ትቀይር ወይም ሻንጣዋን መልሳ ትሸክፍ፣ ያንን የሚጽፈው የሐሳቡ ባለቤት ነው።