የጓሮው ግድግዳ

ወንድ አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ደመወዛቸው ቤተሰቡን ከወር እስከ ወር አያደርስም ነበር ይባላል፤ ይኖሩ የነበሩት ግን በድንጋይ ቤት ነው። የቤተሰባችን እንቆቅልሽ ይኸው ነው። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ላይ በድንጋይ የሚገነባው ቤተ መንግሥት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የመኳንንትና የውጭ ሰው ቤት ነበር፤ ወዝ አደሩ የሚያድረው በጭቃ ቤት ነው። ታላቁ አጎቴ "አንድ ፈረንሳዊ አለቃ ወዶት ሰጠው" ይላሉ። ሴት አያቴ ደግሞ እስኪያርፉ ድረስ "በገዛ እጁ ነው የሠራው" ከማለት አልተመለሱም። ሁለቱ ወገኖች በሠርግም በተዝካርም ሲከራከሩ ሰምቼ ነው ያደግሁት።

ቤተሰቡ ያ ቤት ካለበት ከለገሃር፣ ከባቡር ጣቢያው ሰፈር፣ ከወጣ ቆይቷል። አሁን የምንኖረው ቦሌ ቡልቡላ ነው፤ ትናንት እህል ይዘራበት የነበረ፣ ዛሬ ብሎኬትና መስታወት የሚበቅልበት ሰፈር። ፍለጋውን እንድጀምር ያጣደፈኝ በኅዳር 2011 የተበሰረው የለገሃር መልሶ ማልማት ዕቅድ ነው። ኢግል ሂልስ የተባለው የአቡ ዳቢ ኩባንያ አካባቢውን እንደ አዲስ ሊገነባ ነው ሲባል፣ በኅዳር 1922 ስለተመረቀው ጣቢያ የማያወራ ሰው አልነበረም። ከጣቢያው ጀርባ ስላሉት የሠራተኛ ቤቶች የሚያነሳ ግን አላጋጠመኝም።

መጀመሪያ የእናቴን ሣጥን በረበርኩ። ከጋብቻ ወረቀትና ከክርስትና ፎቶ ሥር፣ ግማሹ በፈረንሳይኛ የተጻፈ የደመወዝ ወረቀት ወጣ። በአንዱ መስመር ላይ ለቤት ተብሎ የተቆረጠ ገንዘብ አለ። ስጦታ ኪራይ አይቆረጥበትም፤ በገዛ እጅ የተሠራም እንዲሁ። ቤቱ የባቡር ድርጅቱ ነበር።

ነገሩ ከባቡሩ ታሪክ ጋር ይገጥማል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ የተጀመረው መስመር በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ገባ፤ ርዝመቱ ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን የሚያህል ሀዲድ ሌት ተቀን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልገዋልና፣ ድርጅቱ ለሠራተኛው በቅርብ ማደሪያ ይሠራ ነበር። ሥራ ያለው ቤት አለው። ሥራው ሲያበቃ ቁልፉን ይመልሳል፤ አያቴም ጡረታ ሲወጡ መለሱ።

አጎቴ ወረቀቱን ሲያዩ ዝም አሉ። እኔ ግን የሴት አያቴን ቃል ውሸት ብሎ መተው አልሆነልኝም። እንዲህ ያለ ነገር ከመሬት ተነስተው የሚናገሩ ሰው አልነበሩም።

ለገሃር ሄጄ ዕድሜ ጠገብ የባቡር ጡረተኛ አገኘሁ። "አባባ፣ አያቴን ያውቋቸው ይሆን?" ብዬ ስማቸውን ነገርኳቸው።

"ግንበኛውን ነው?" አሉኝ። "ድልድይና የውሃ መውረጃ የሚጠግነውን? እንዴት አላውቀውም ልጄ!"

ግንበኛ። ቤታችን ውስጥ ይህን ቃል ከማንም አፍ ሰምቼ አላውቅም፤ የምናውቀው "የባቡር ሠራተኛ" የሚለውን ብቻ ነው። ሽማግሌው ቤቱን አሳዩኝ፤ ፎቶ አነሳሁት፣ በሜትር ለካሁት። ከኋላው ወጥ ቤት ተቀጥሎበታል።

መልሱን ያገኘሁት ግን እዚሁ ቡልቡላ፣ ከቤታችን አጠገብ ለአዲስ ሕንፃ መሠረት ድንጋይ ከሚደረድር ግንበኛ ነው። ፎቶውን ሰጠሁት፤ መዶሻውን አስቀምጦ ረጅም ጊዜ አየው።

"እህቴ፣ ማዕዘኑን እዪው" አለኝ። አንዱ ድንጋይ ረጅም ጎኑን ለአንዱ ግድግዳ፣ ቀጣዩ ለሌላው እየሰጠ ይወጣል፤ ሁለቱ ግድግዳዎች የሚያያዙት በዚህ ነው። የላይኛው ድንጋይ የሁለቱን የታችኛዎቹን መጋጠሚያ ይሸፍናል፤ ስንጥቅ ቀጥ ብሎ መውረጃ እንዳያገኝ። የፊተኛው ቤት ድንጋይ በልክ የተጠረበ፣ በኖራ የተያያዘ ነው። ወጥ ቤቱ ግን ሌላ ነው፦ ድንጋዩ ትልቅና ትንሽ የተቀላቀለበት ትርፍራፊ፣ ማያያዣው ጭቃ፣ ኖራው ዝናብ በሚመታው በኩል ብቻ በስሱ የተቀባ። ማዕዘኑ ግን እንደ ፊተኛው በጥንቃቄ ተቆላልፏል።

"ይህን የሠራው ለኖራ ገንዘብ ያልነበረው፣ ሙያው ግን የነበረው ሰው ነው" አለ።

ሴት አያቴ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። እሳቸው "ቤት" ሲሉ የሚያስቡት የሚጋግሩበትን፣ ልጆቻቸውን የሚያሞቁበትን ክፍል እንደነበር ያኔ ገባኝ።

እንዲህ ያለ ወጥ ቤት ቅርስ ይባል ይሆን ብዬ ሕጉን አየሁ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ሲተረጉም የሰው የፈጠራ ችሎታና የጉልበት ውጤት ነው ይላል። ጉልበት ሕጉ ውስጥ አለ። በቅርስ ዝርዝራችን ቀድመው የሚጠሩት ግን እንደ ሼህ ሆጀሌ ቤተ መንግሥትና የአዲስ አበባ ሙዚየም እንደሆነው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ያሉት ናቸው። እነሱ መጠበቃቸው ተገቢ ነው፤ እኔም እኮራባቸዋለሁ። ነገር ግን ጣቢያው ብቻውን ቢቀር የሚነግረን ተሳፋሪው የት እንደወረደ ነው። ሀዲዱን በእጁ ይዞ ያቆየው ሰው የት እንዳደረ የሚናገረው ከጀርባው ያለው የሠራተኛ ቤቶች ረድፍ ነው። ጣሊያን ውስጥ ክሬስፒ ዳዳ የተባለው የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች መንደር እ.ኤ.አ. በ1995 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከነሠራተኞቹ ቤቶች ነው የተመዘገበው። በልማት መካከል ሁሉንም ቤት ማቆየት አይቻል ይሆናል። አንዱን ረድፍ ከነወጥ ቤቱ ማቆየት፣ የቀሩትን ደግሞ ከመፍረሳቸው በፊት ለክቶ መመዝገብ ግን ይቻላል፤ ቢያንስ ይህ ይገባቸዋል።

የእኛን እኔ መዝግቤዋለሁ። የፊተኛውን ክፍል ሠሪ ምድር ባቡር፣ የኋለኛውን አያቴ ብዬ ጽፌያለሁ። ሽማግሌው ሌሎችም ጓሮዎች አሳይተውኛል፤ እያንዳንዱ ቅጥያ የተለየ እጅ አለበት። አሁን እዚያ ይኖሩ የነበሩትን ቤተሰቦች እየፈለግሁ፣ የጓሮአቸውን ግድግዳ ማን እንደገነባው እየጠየቅሁ ነው።