መብራት ወደ ጓሮ

በጓሯችን ጥግ ያለችው የመሣሪያ ማስቀመጫ ጎጆ መብራት አልነበራትም። ታናሽ ወንድሜ ቀጭን ሽቦ በአጥሩ ላይ ዘርግቶ ሊያስገባላት አሰበ። እኔ ግን አልተስማማሁም። የ220 ቮልት ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል፤ ቀጭን ሽቦም ከዐቅሙ በላይ ሲጫንበት ይግላል፤ መሸፈኛው ቀልጦም እሳት ያስነሣል። በክረምት ደግሞ ርጥብ መሬት ላይ በባዶ እግሩ የቆመ ልጅ የተላጠ ሽቦ ቢነካ፣ ኤሌክትሪኩ በሰውነቱ አልፎ ወደ መሬት ይወርዳል።

ስለዚህ ባለሙያ ጠራን። እርሱም ወፍራም ገመድ በቱቦ ውስጥ አሳልፎ ቀበረ፤ የመሬት ሽቦ አገናኘ፤ 30 ሚሊአምፔር ያህል ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያመልጥ ወዲያው የሚያቋርጥ መሣሪያም ገጠመ። ዋጋው ካሰብነው በላይ ሆነ። ሆኖም በዚያ ጓሮ ልጆች ይጫወታሉ፤ የምንቆጥበው ገንዘብ ከእነርሱ አንዱን እንኳ አይተካልንም።