ነጭ አይሆንሽም

እዚህ ሜሪላንድ የትኛው ቀለም እንደሚያምርብሽ ፊትሽን አይታ የምትነግርሽ ባለሙያ አለች። ቀጠሮ ትይዣለሽ፣ ከ200 ዶላር በላይ ትከፍያለሽ፣ ከአራቱ ወቅቶች የአንዱ ስም ይሰጥሻል፤ ልብስ ስትገዢ የምታመሳክሪበት የጨርቅ ናሙና ጥራዝም ይዘሽ ትመለሻለሽ። ቢሮ ውስጥ «እኔ ስፕሪንግ ነኝ»፣ «አንቺማ ሰመር ነሽ» ሲባባሉ እሰማ ነበር። ሰሞኑን ባልደረቦቼ ለልደቴ አዋጥተው ቀጠሮ ያዙልኝ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ፣ ተናድጄ ተመለስኩ። ብዙ ነገር ነግራኛለች፤ ከጆሮዬ አልወጣ ያለኝ ግን አንዱ ነው፦ ንጹሕ ነጭ አይሆንሽም፣ ከቁም ሣጥንሽ አውጪው።

ነጭ! ለእኔ! ክርስትና የተነሣሁት በነጭ ነው። ጥምቀት ሲመጣ ጃን ሜዳ የምንወርደው በነጭ ነው። እህቴን የዳርናት፣ መልሱን የጠራናት በነጭ ነው። እዚህም ቢሆን እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ሲያልቅ የቤተ ክርስቲያኑ የመኪና ማቆሚያ ሁሉ ነጠላ ነው። ባለሙያዋን አልወቅሳትም፤ ሥራዋን በትሕትናም በጥንቃቄም ነው የሠራችው። ግን የእኛን ነጭ አይታው የማታውቅ ሰው እንዴት እንዲህ አፏን ሞልታ ትናገራለች እያልኩ መንገዱን ሁሉ ስብሰለሰል መጣሁ።

ክፍሉን ልንገራችሁ። ግድግዳው ግራጫ፣ ወንበሩ ግራጫ፤ ሌላ ቀለም ፊት ላይ እንዳያርፍ ነው። መብራት አይበራም፣ ሰፊው መስኮት ይበቃል። ሜካፔን አስጠረገችኝ፣ ፀጉሬን በሻሽ ሸፈነችው፣ ትከሻዬ ላይ ግራጫ ጨርቅ ጣል አደረገች። ከዚያ ከአገጬ ሥር ጨርቅ በጨርቅ ላይ ትደራርብና አንድ በአንድ እየገለጠች ታወርዳለች፤ ሁለት ቀይ፣ ሁለት ሰማያዊ፣ ሁለት ቢጫ፣ አንዱ ሞቅ ያለ፣ አንዱ ቀዝቀዝ ያለ። «ጨርቁን አትዪ፣ ፊትሽን እዪ» ትለኛለች። አየሁ። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ሮዝ ስታስጠጋብኝ ፊቴ አመድ የነሰነሱበት መሰለ፣ ከዓይኔ ሥር ያለው ጥላም ጎልቶ ወጣ። ቡናማ ቀይ ስታመጣ ያው ፊት ፈካ፣ የከንፈሬ ዳር ተለይቶ ታየ። ይህንን በዓይኔ ስላየሁት መካድ አልችልም። በመጨረሻ ነጩን አወጣች። «ሰው ካንቺ በፊት ልብስሽን ነው የሚያየው» አለችኝ። ስሜ «ዲፕ ኦተም» ሆነ፤ የተፈቀዱልኝም ጥቁር የወይራ አረንጓዴ፣ ሰናፍጭ፣ የቡና ቀለም፣ የቲማቲም ቀይ፣ ነጭ የግድ ካስፈለገ ደግሞ ክሬም።

ይህ ሁሉ ለእኔ አዲስ አልነበረም። መርካቶ አይቼዋለሁ። እናቴ ብትን ጨርቅ ልትገዛልኝ ስትወጣ ብቻዋን አትሄድም፣ ጎረቤታችን አብረው ይመጣሉ። ባለሱቁ ጣቃውን ባንኮኒው ላይ ይዘረጋዋል። እናቴ ጫፉን ጎትታ ከአንገቴ ሥር ትወሽቅና «ነይ እስቲ ደጅ» ትለኛለች፤ የሱቅ መብራት አይታመንማ። ፀሐይ ላይ አቁመውኝ ሁለቱም ወደ ኋላ ፈቀቅ ይላሉ።

«አወየባት።»

«ይሄኛውስ?»

«ይሻላል፣ ግን አፈዘዛት። ያንን ቦርዶ አምጣልን እስቲ ወንድሜ።»

ቦርዶው ይመጣል፣ ዝም ብለው ያዩኛል፣ ከዚያ ባንድ አፍ «ወጣችበት!» ይላሉ። ባለሱቁም ከደጃፉ ላይ ቆሞ «እውነታቸውን ነው እህቴ፣ ለጠይም የሚሄደው እሱ ነው» ብሎ ያጸድቃል። ለፍርዱ የከፈለ የለም፣ የተከፈለው ለጨርቁ ነው። ደግሞም ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው «ለማን ሠርግ ነው?» የሚለው ነው። ሚዜዎቹ ምን ይለብሳሉ፣ የሙሽራው ቤተሰብ ምን መረጠ፣ በቅርብ ሐዘን ያለበት ዘመድ አለ ወይ፣ ይህ ሁሉ ተቆጥሮ ነው ቀለም የሚቆረጠው። የዚህችኛዋ ባለሙያ ልብሱን የት እንደምለብሰው አንድም ጊዜ አልጠየቀችኝም። ግራጫው ክፍል ውስጥ እኔና ፊቴ ብቻ ነበርን።

ቤት ገብቼ ነገሩ ከየት እንደመጣ ማንበብ ጀመርኩ። ባውሃውስ ያስተማረው የስዊዘርላንዱ ሠዓሊ ዮሐንስ ኢተን፣ ተማሪዎቹ በነፃ ሲመርጡ ወደየራሳቸው መልክ የሚቀርብ ቀለም እንደሚያነሡ አስተውሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው የቀለም መጽሐፉም ቀለማትን በአራቱ ወቅቶች እየመደበ ጽፏል። በአሜሪካ ነገሩን የሴቶች ሁሉ ወሬ ያደረገችው ካሮል ጃክሰን ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመችው «ከለር ሚ ቢዩቲፉል» በተሰኘው መጽሐፏ። ኋላ የመጡ ባለሙያዎች አልበርት መንሰል ቀለምን የለካበትን መንገድ ጨመሩበት፤ ዓይነቱን፣ ጥቁረትና ንጣቱን፣ ድምቀቱን። አራቱን ወቅት 12 አደረጉት።

እስቲ የጃክሰንን መጽሐፍ ለራሳችሁ እዩት። የፀጉር ቀለም ወርቃማ ነው፣ ቀይ ነው፣ ቡናማ ነው፤ ዓይን ሰማያዊ ነው፣ አረንጓዴ ነው፤ ይህ ሁሉ በዝርዝር ተለይቷል። ወደ እኛ ሲደርስ ግን አብዛኞቹ ጥቁሮችና እስያውያን ዊንተር ናቸው ተብሎ ባንድ ከረጢት ይታለፋል። አዲስ አበባ ባንድ ቤት ውስጥ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር የሆኑ እኅትማማቾች አሉ፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ የሚገዛ ቤተሰብ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1991 ጂን ፓተን ለጥቁር ሴቶች ብላ ሌላ መጽሐፍ የጻፈችው እንዲህ ያለው ነገር ቢያስቸግር ነው ብዬ አምናለሁ።

የሚያስቆጨኝ ደግሞ ይኸውና። በዚያ በ1980ው መጽሐፍ ንጹሕ ነጭ የሚፈቀደው በተለይ ለዊንተር ነው። እንግዲህ እናቴ ያን ጊዜ አሜሪካ ብትሆንና ይህንኑ የእኔን ፊት ይዛ ብትጠይቅ «ነጭ ልበሺ፣ ላንቺ የተፈጠረ ነው» ትባል ነበር። ዛሬ እኔ በዚሁ ፊት «አውጪው» ተባልኩ። ባንድ መዝገብ ላይ ሁለት ፍርድ ከተሰጠ፣ እኔ የትኛውን ብዬ ነው ቁም ሣጥኔን የማራግፈው?

የወቅቶቹ ነገርም ቅር ይለኛል። ያንን ቀለም ሁሉ ያወጡት ቅጠል ከሚረግፍበት፣ በረዶ ከሚወርድበት አገር ነው። እዚህ ሴፕቴምበር ላይ ዛፉ መዛግ ሲጀምር እኛ ጋ ዝናቡ አባርቶ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል። የኦተም ጥራዜ ውስጥ ሰናፍጭ አለ፣ የአደይ ቢጫ ግን የለም፤ «ለስፕሪንግ ነው» ተባልኩ። እንቁጣጣሽ ቢጫ ለብሼ የተነሣሁትን ፎቶ አውጥቼ አየሁት። ስወድደው የኖርኩት ፎቶ ነው፣ አሁንም እወድደዋለሁ።

ያም ሆኖ ሳይንሱን ንቄ መተው አልቻልኩም። እ.ኤ.አ. በ1839 ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩዤን ሼቭረል ስለ ቀለማት ጉርብትና ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል። ጎብለን በሚባለው የንጉሥ የምንጣፍ መሸመኛ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር፤ ጥቁሩ ክር ደበዘዘ የሚል አቤቱታ ሲበዛበት ቢመረምር ጥፋቱ ከማቅለሚያው አልነበረም፤ አጠገቡ ያለው ክር ነው ጥቁሩን የሚያሳንሰው። ሁለት ቀለም ጎን ለጎን ሲሆን ዓይናችን ልዩነታቸውን ያሰፋዋል። ያው ሰው በዚያው መጽሐፍ የሴቶች ልብስና ባርኔጣ ከፊታቸው ቀለም ጋር እንዴት እንደሚስማማም ጽፏል። እናቴና ጎረቤታችን ደጅ አውጥተው ሲያዩኝ የሚያዩት ይህንኑ ነው። ነጭ ጨርቅ ብርሃኑን ወደ አገጭ ይመልሳል፣ ከጠይም ፊት ጋርም በጣም ይራራቃል፤ ስለዚህ ዓይን ቀድሞ እሱ ላይ ያርፋል። ባለሙያዋ ያለችው ከዚህ አይወጣም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። እኛ ጋ «ያጠቁርሻል» የሚባል ፍርድ አለ። ቡናማ አታንሺ፣ ያጠቁርሻል። ጥቁር ሰማያዊ ይቅርብሽ፣ ያጠቁርሻል። ልብሱ የሚመሰገነው ቀላ አድርጎ ሲያሳይ ነው። ከእኔ ጠቆር የምትለው የአክስቴ ልጅ ልጅነቷን ሁሉ እንዳትደምቅ እየተጠበቀች፣ ቡላና ግራጫ እየለበሰች ነው ያደገችው፤ ዛሬ ብርቱካናማ ለብሳ የምትልክልኝን ፎቶ ሳይ አሁንም ያቃጥለኛል። እዚህ፣ ግራጫው ክፍል ውስጥ፣ ባለሙያዋ አንድም ጊዜ ቀላሽ ወይም ጠቆርሽ አላለችኝም። የምትፈልገው ፊቴ አንድ ወጥ ሆኖ፣ ጥርት ብሎ እንዲታይ ነበር። በዚህ በኩል ከመርካቶው ፍርድ የእሷ ይሻላል፤ እያመመኝም ቢሆን እውነቱ ይኸው ነው።

ወደ ነጩ ልመለስ። ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዬን አወጣሁና መስኮት ሥር ከማተሚያ ወረቀት ጋር ጎን ለጎን ዘረጋሁት። ወረቀቱ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ነጠላው የእጅ ፈትል ነው፤ ከእንዝርት የወጣ ጥጥ፣ በረኪና ያልነካው። ክሩ አንዱ ጋ ወፈር አንዱ ጋ ሳሳ ይላል፣ ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ወተት ሰፈፍ ነው። ቀጥዬ ባለፈው ዓመት የገዛሁትን፣ በፋብሪካ ክር የተሠራውን ቀሚስ አመጣሁ። እሱ ከወረቀቱ ጋር አንድ ሆነ። የፋብሪካ ነጭ በኬሚካል ይነጣል፤ ልብሱም ውስጥ ሆነ የምናጥብበት ሳሙና ውስጥ ብርሃን ተቀብሎ ሰማያዊ አድርጎ የሚመልስ ማንጫ ይገባል፤ ከሩቅ የሚያንጸባርቀው ለዚህ ነው። ሁለቱንም በየተራ ከአገጬ ሥር አስገባሁ። በፈትሉ እኔ እታያለሁ። በሌላው ቀሚሱ ይታያል።

ስለዚህ የእኛ ነጭ አንድ አይደለም። ያቺ ባለሙያ የከለከለችኝ የቀሚሱን ነው፤ ነጠላዬን «ክሬም» ብላ ፈቅዳልኛለች ማለት ነው፣ ሳታየው። ነጠላውን ይዤላት ብሄድ ኖሮ ሌላ ነገር ታወራ ነበር፤ ቀጠሮ የያዛችሁ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሁለቱንም ዓይነት። እውነት ለመናገር ለዚህ ሁሉ ያን ያህል ገንዘብ ይገባል ብዬ አልመክርም፤ መስኮትና ሐቀኛ ጓደኛ ያላት ሴት ግማሹን በነፃ ታገኘዋለች። ግን ጓደኛዬ እዚህ ብቻዋን የምትኖር፣ ደጅ አውጥቶ የሚያያት የሌላት ከሆነች፣ ትሂድ እላታለሁ። እኔም ጥራዙን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ነው የምዞረው፤ ባለፈው የገዛሁት የወይራ አረንጓዴ ሹራብ የሰው ሁሉ ዓይን ገብቷል።

የፋብሪካውን ነጭ ግን አልጥለውም። ለጥምቀት እለብሰዋለሁ። የዚያን ዕለት ነጭ የሚለበሰው ለታቦቱ ነው፤ ከሕዝቡ መሐል ሆኜ የእኔ አገጭ ፈካ ጠቆረ የሚል የለም፣ ባለሙያዋም በዚያ ላይ ሥልጣን የላትም።

በመጪው ዓመት የታናሽ ወንድሜ ሠርግ ነውና ለሽሮ ሜዳ ሸማኔያችን በእናቴ በኩል ቀሚስ አዝዣለሁ። የእጅ ፈትል ይሁን ብያለሁ፤ ከፋብሪካ ክሩ ብዙ ይወደዳል፣ ጊዜም ይፈጃል። ጥለቱን ከጥራዜ መርጬ ሰናፍጭና ቡናማ ቀይ ይሁን ብላት እናቴ «ቡናማ ለሠርግ?» ብላ አልተዋጠላትም፤ ወርቃማና አረንጓዴ ትፈልጋለች። የክሮቹን ፎቶ ልካልኝ ነበር፣ ግን የስልክ ካሜራ ነጩን በራሱ ስለሚያስተካክለው ፈትሉም የፋብሪካውም ክር አንድ ዓይነት ሆነው ወጡ። በፎቶ የሚሆን ስላልሆነ ረቡዕ ጎረቤታችንን ይዛ ሽሮ ሜዳ ትወጣለች፤ ክሩን ደጅ አውጥተው የእኔን መልክ ከምትመስለው ከታናሽ እህቴ አንገት ሥር እያስገቡ ያዩታል፣ ከዚያ ወርቃማውም ይሁን ቡናማው እነሱ ይቆርጣሉ።