ወርቁ በወንዝ ወረደ

ማታ ከሺፍት ስወጣ አምባሰልን አንጎራጉራለሁ። ክራር የለኝም፤ በከንፈሬ ነው። ቃሉ ሳይመጣ ዜማው ይቀድመኛል። ሰው አምባሰልን ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ብሎ ያውቀዋል። ለእኔ ግን ቅኝት ከመሆኑ በፊት ተራራ ነው፤ በልጅነቴ ያደፈ ልብስ ተሸክሜ ወደ ሐይቁ ስወርድ ከማዶ ቆሞ የሚያየኝ ተራራ።

ወይ ሐይቄ! ውሃውም ሐይቅ፣ ከተማውም ሐይቅ፤ ሌላ ስም ያላስፈለገሽ። ከብት አጠጥተንብሻል፣ ልብስ አጥበንብሻል። ከድንጋዩ ላይ ነጠላ ስናሰጣ የእስጢፋኖስ ገዳም ደወል ውሃውን ተሻግሮ ይመጣ ነበር። ገዳሙ ለሴት ዝግ ነውና እኔ የማውቀው ደወሉን ብቻ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ያ ስፍራ ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ታንኳ ይጠይቅ የነበረው መንገድ ዛሬ ጫማ ብቻ ይጠይቃል። ውሃም እንደ ሰው እንደሚሸሽ የተማርኩት ከዚያ ነው።

በ1970ዎቹ ሰው ይብላ ተብሎ ቆሮሶ የሚባል ዓሣ ተጨመረብሽ። እውነትም ተበላ፤ መረብ የጣለም፣ ጠብሶ የሸጠም ልጆቹን አሳደገበት። የውሃ ተመራማሪዎች ግን ከዚያ ወዲህ ጥራትሽ ቀነሰ አሉ፤ አረንጓዴውን አልጌ የሚበሉልሽን ደቂቅ ነፍሳት ዓሣው በልቷቸዋል ብለው። ደግ ታስቦ የገባ ነገር እንኳ እንዲህ አደረገሽ። ወንዝ ይገባብሻል እንጂ ወንዝ አይወጣብሽም፤ የተሰጠሽን ሁሉ ይዘሽ ትቀሪያለሽ። ሆደ ሰፊ ይሉሻል። ሆደ ሰፊ የሚባለውኮ መሄጃ ያጣ ነው።

እኔ መሄጃ ነበረኝና ሄድኩ። ደሴን አልፌ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁ። ቆዳው፣ ቢራው፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ ቀድሞም ነበሩ፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ከየገጠሩ እንደ እኔ ያለ ልጅ ጎረፈ። ደሞዜ ታናሽ ወንድሜን ጫማ አጫምቶ ትምህርት ቤት ሰደደው፤ የእናቴን ጎጆ ቆርቆሮ አለበሰው። እንጀራዬን አልረግምም፤ የበላበትን ወጪት ሰባሪ አልባልም። ግን ወጪቱ በምን ውሃ ይታጠብ?

ለዮሌና ወርቃ የሚባሉ ወንዞች በፋብሪካዎቹ ሥር አልፈው ከቦርከና ወንዝ ይቀላቀላሉ። ቦርከናም ከደሴ ሲወርድ ንጹሕ አልነበረም፤ የከተማ ጉድፍ አዝሎ ነው የመጣው። ተመራማሪዎች የለዮሌንና የወርቃን ውሃ ቀድተው፣ ደለላቸውን ዝቀው ቢመረምሩ ክሮም፣ ዚንክ፣ መዳብና እርሳስ አገኙ። ክሮሙ ቆዳ የሚለፋበት ነው፤ ቆዳው ጠጥቶ የተረፈው ከእጣቢው ጋር ይወጣል። ዚንኩ ብረት እንዳይዝግ የሚለበጥበት ነው። ይህን የሰማሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የወንድሜን ጫማ አሰብኩ። የእናቴን ቆርቆሮ አሰብኩ። ለቤቴ የላክሁት ደስታ ሁሉ አንድ ትራፊ ነበረው፤ ትራፊውንም የተቀበለው ወንዝ ነው። ልጅ ሳለሁ ልብስን በውሃ እናጠራ ነበር፤ ዛሬ ውሃን በልብስ እናሳድፋለን።

የወንዜን ልጅ ጠይቁ፣ ቅኔው ወዴት ነጎደ፣
ሰሙ ገበያ ወጣ፣ ወርቁ በወንዝ ወረደ።

የዕድገት ሪፖርት ሲነበብ የተሸመነው በሜትር፣ የተጠመቀው በሊትር፣ የተቀጠረው በሰው ይቆጠራል። ይቆጠር፤ እኔም ከተቆጠሩት አንዷ ነኝ። የጎደፈው ወንዝ ግን ከየትኛው ሂሳብ ላይ ይቀነሳል? የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ያጽዳ፣ ወጪውንም ይሸፍን ይላል። ቃሉ ጥሩ ነው። ከብት ግን ቃል አይጠጣም።

ከኮምቦልቻ በታች ጨፋ አለ። በበጋ ምድር ሲነድ ኦሮሞውም አፋሩም ከብቱን እየነዳ የሚወርድበት ረግረግ ነው። ፋብሪካ አይቶ የማያውቅ ጥጃ የፋብሪካውን እጣቢ እዚያ ያገኘዋል። ከጨፋ ወዲያ ቦርከናን አዋሽ ይረከበዋል። እኔ ደግሞ በሞኝነቴ፣ ወንዝ አይደል፣ ይሄዳል፣ ባሕር ገብቶ ይጠፋል ብዬ እጽናና ነበር። ለካ አዋሽ ባሕር አይደርስም! በረሃውን አቋርጦ ጅቡቲ ጠረፍ ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ሐይቄ ሆይ፣ እሱም እንዳንቺ መውጫ የለውም። ካንቺ ርቄ የመጣሁበት ውሃ ዞሮ ዞሮ መግቢያው ሐይቅ ነው።

አሁን ያንቺም ከተማ ልደግ ትላለች። ትደግ፤ ቆርቆሮና ጫማ ማን ይጠላል? ግን የከተማ እጣቢ ሁሉ ቁልቁል ይወርዳል፤ ለሐይቅ ከተማ ቁልቁለቱ አንቺ ነሽ። ይሄዳል፣ ይጠራል የሚባለው ለወንዝ ነው። አንቺ አትሄጂም።

ለበዓል ስመጣ ከዚያው ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። አምባሰል ከማዶ ያየኛል። የወሎ ሰው ያዘነን ሲያጽናና አብሽር ይላል። እኔም አብሽሪ ልልሽ አፌን እከፍታለሁ፤ ወዲያው የእናቴ ቆርቆሮ ከዳገቱ ላይ በፀሐይ ያብለጨልጭብኛል። ቃሉ ይጠፋኛል። ዜማው ብቻ ከንፈሬ ላይ ይቀራል።